ስለ ባለቤቴ እጅ ለመንግሥት የጻፍሁት አስተያየት

አስቀድሜ ማን እንደ ነበርሁ ልናገር። የሠራሁትን ሥራ ክብደት የሚያውቀው ከየት ተነሥቼ እንደ ሠራሁት ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ጎንደር ሳለን አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔም ወናፍ እየነፋሁ አደግሁ። ማረሻና ማጭድ ሊያሠሩ የሚመጡ ገበሬዎች ጨውና በርበሬያቸውን በተጻፈበት ወረቀት ጠቅልለው ይይዙ ነበር። ያን ወረቀት እየለመንሁ አጠራቅም ነበር። የግብር ደረሰኝ የሚያነብ አንድ ሰው በመጣ ቁጥር ደግሞ ጣቱ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ከንፈሩም ምን እንዳለ ልብ እያልሁ በከሰል ግንድ ላይ እጽፋለሁ። በአንድ ክረምት ፊደሉን ጨረስሁ። አባቴ «ብረቱ ቀዘቀዘ!» እያለ ይቆጣኝ ነበር፤ ብረት ግን ተመልሶ ይሞቃል።

ዕብራይስጡንም ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው። በሱዳን በኩል መጥተን እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ ከገባን በኋላ የቋንቋ ትምህርት ቤት ጥቂት ወራት አስቀመጡን። መምህሯ «ዕድሜህ ገፍቷል፤ መናገሩ ይበቃሃል» አለችኝ። ወጥቼ ከግድግዳ ላይ ተማርሁ። በዚህ አገር ሰው ሲሞት በጥቁር መስመር የተከበበ ማስታወቂያ በየመንገዱ ይለጠፋል። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ቃሉም ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ሙታኑ መምህሮቼ ሆኑ። ከእነሱ ወደ ወተት ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ አውቶቡስ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ ወደ ጋዜጣ ተሻገርሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ በሀደራው ነቬ ሐይም ሰፈር ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ፊቱ ላይ አድራሻ የሚታይበት መስኮት ያለው የመንግሥት ፖስታ የደረሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አሮጊቶቹ ፖስታውን ሳይከፍቱ በፌስታል አጠራቅመው ያመጡልኛል። «ጋሼ፣ ይቺ ወረቀት ምን ትላለች?» ይሉኛል። ቆሜ አነብላቸዋለሁ፤ መነጽር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ፋርማሲስቱ ራሱን የነቀነቀበትን የሐኪም ጽሕፈት አንብቤ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለመመካት ብቻ አይደለም። በኋላ ያጠፋሁትን ጥፋት ያጠፋሁት በዚሁ ችሎታዬ ነውና አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

በዚያን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የብርቱካን ማሸጊያ ቤት እንሠራ ነበር። ዛሬ ተዘግቷል። እኔ ጥገና ክፍል ነበርሁ፤ ብረት የሚያውቅ ሰው ሥራ አያጣም። እሷ ደግሞ እርጥቡ ጫፍ ላይ ነበረች። ማሸጊያ ቤት ሁለት ጫፍ አለው። በአንደኛው ጫፍ ብርቱካኑ ከመኪና ይገለበጥና ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ባለበት ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ሰም ይቀባል፣ በሞቀ አየር ይደርቃል። በሌላው፣ በደረቁ ጫፍ ይመረጣል፣ ተለጣፊ ይለጠፍበታል፣ በካርቶን ይደረደራል። የባለቤቴ ሥራ ከውኃው የበሰበሰውን ለቅሞ ማውጣት ነበር።

ወፍራም የጎማ ጓንት ሰጥተዋቸው ነበር። ነገር ግን በጓንት ውስጥ ያለ ጣት የላላውን ከጠንካራው አይለይም፤ የተበላሸ ካለፈ ደግሞ ተቆጣጣሪዋ ትጮኻለች። ስለዚህ ሴቶቹ የቀኝ እጃቸውን ጓንት አውልቀው በባዶ እጅ ይሠሩ ነበር። ባለቤቴ ስፌት ዐዋቂ ናት፤ በአውራ ጣቷ ነክታ የማታውቀው ነገር የለም። እሷም እንደ ሌሎቹ አወለቀች።

አንድ ዓመት የብርቱካኑ ወቅት እንደ ተጀመረ ነርሷ ወረቀት ተሸክማ መጣች። ነርሷ ከሩሲያ የመጣች፣ ከእኛም በኋላ የደረሰች ሴት ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ማሸጊያ ቤቱ ትመጣለች። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቅጽ መሞላት ነበረበት፤ ሳል አለ ወይ፣ ዐይን ያቃጥላል ወይ፣ ቆዳ ያሳክካል ወይ፣ ሕመም አለ ወይ። ከእኛ ሰዎች ዐሥራ ስምንት ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አብዛኞቹ ዕብራይስጥ አይሰሙም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጥገና ክፍል መጣና «አንተ ታነባለህ፤ ና አስተርጉም» አለኝ። እጄን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድሁ።

ቦታው የመመገቢያ አዳራሹ ነበር። ነርሷ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ነው፤ ሾፌሮቹ በሌላው ጠረጴዛ ሻይ ይጠጣሉ። ሴቶቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይቀርባሉ።

«እትዬ፣ እጅዎን ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወደ ነርሷ ዞሬ «ባሩክ ሃሼም» እላለሁ፤ ያው ምስጋና ነው። ነርሷ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። ቀጣይዋ! «እግዚአብሔር ይመስገን።» ቀጣይዋ!

እዚህ ላይ ልማዳችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ስለ ጤናው የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ያመሰግናል። አልጋ ላይ የወደቀም ያመሰግናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ነው፤ የመጀመሪያው መልስም የሰላምታ መልስ ነው። የምር የሚጠይቅ ሰው ቁጭ ይላል፣ ትንሽ ስለ ሌላ ያወራል፣ እንደገና ይጠይቃል። «ደህና ነኝ» ይባላል። ሦስተኛ ሲጠይቅ ያን ጊዜ «እንዲያው ይቺ ወገቤ ትንሽ…» ተብሎ ነገሩ ይጀመራል። ሴት ልጅ ደግሞ ባዕድ ወንዶች ሻይ በሚጠጡበት አዳራሽ ስለ ገላዋ አትናገርም። ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ዐውቅ ነበር። ግን ከምሳ በፊት ዐሥራ ስምንቱንም ጨርሼ ላሳያቸው ፈለግሁ። እያንዳንዷን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁ።

ባለቤቴም ተራዋ ደረሰ። ቀኝ እጇን ሽርጧ ሥር አድርጋ ቆመች።

«እጅሽን ያምሻል?» አልኋት፤ እንደ ማላውቃት ሴት።

ትንሽ አየችኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ባሩክ ሃሼም» አልሁ።

በየቅጹ ግርጌ ነርሷ «አስተርጓሚ» ብላ ጻፈችና እኔ ፈረምሁ፤ ፊርማዬ ግማሹ በእኛ ፊደል፣ ግማሹ በእነሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ «በሌላ ቦታ ይህ ሁለት ቀን ይፈጃል» አለ። ያን ምስጋና ሳምንት ሙሉ እቤት ስደጋግም ሰነበትሁ።

ክረምቱ ገባ። ባለቤቴ ሽርጧ ሥር የደበቀችው እጅ ባሰበት፤ ጣቶቿ መካከላቸው ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ፤ አውራ ጣቷ እጥፋቱ ላይ ተሰነጠቀ። ሴት ልጃችን በበጋው ልታገባ ነበርና እናቲቱ ክዳን ያለው ሙዳይ እየሰፋችላት ነበር። ባለቤቴ ራሷ ስትዳር እናቷ የሰፋችላት ሙዳይ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ይህኛው ነገሩ ከሙዳይ በላይ ነበር። አንድ ሐሙስ ወስፌው እንደ ተሰካ ሥራውን ፍሪጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አልወረደም። የክሊኒኩ ሐኪም ቅባት ሰጣትና «ከዚያ ውኃ ካልራቀች ሕመሙ እየጸና ይሄዳል፤ ቆይታ ብትተወውም ላይድን ይችላል» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱን ያነበብሁላት እኔ ነኝ።

ወደ ደረቁ ጫፍ እንዲያዛውሯት ልትለምን ሄደች። ማታ ከሥራ መኪና ወርደን ደረጃውን ወጣን። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስታስቀምጥ ነው የተናገረችው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ፊርማዎ እንዴት ያምራል!»

«የትኛው ፊርማዬ?»

«ደህና ናት ብለው የፈረሙት። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ከፍቶ አሳየኝ። 'እጅሽ በሥራው የታመመ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ቤትሽ ዕቃ ስታጥቢ ነው' አለኝ። ማንበብ ባልችልም የአንቱን ፊርማ አላጣውም፤ ጅራቱ እንደ አውራ ዶሮ ነው።»

«አንቺ አይደለሽ እግዚአብሔር ይመስገን ያልሽ?»

«እና ምን ልበል? ቤት ሙሉ ወንድ ፊት እጄን ላሰጣ? ደግሞስ አንቱ መቼ ደግመው ጠየቁኝ? ጎረቤት እንኳ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።»

የማነበው ነገር ያለ መስዬ ጋዜጣ ገለጥሁ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ነበር። «ዐሥራ ስምንት ቅጽ አለኝ፤ ዐሥራ ስምንቱም ንጹሕ ነው። አንዷን ባዛውር ምን ብዬ አስረዳለሁ? በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ቅጽ ይሞላል፤ ያኔ ትናገር» አለኝ። ወቅቱ እስኪያልቅ ገና ብዙ ሳምንታት ነበሩ። የሐኪሙን ቃል አስቤ እነዚያን ሳምንታት በልቤ ቆጠርሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ለጉዳዩ ወደ ሥራ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ቢሮ አጀብሁት። እሱ ወረፋ ሲጠብቅ እኔ እንደ ልማዴ ግድግዳውን አነብ ጀመር። ከአሮጌ ማስታወቂያዎች መካከል አንድ ያልተለመደ ወረቀት አገኘሁ። ሚኒስቴሩ ከየሥራ ቦታው ስለ ሠራተኞች ጤናና ደኅንነት መረጃ የሚሰበስብበት አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅቷል፤ ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት ግን ሕዝቡ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ አስፈላጊ ናቸው ወይ? ግልጽ ናቸው ወይ? ለመመለስ ስንት ጊዜ ይወስዳሉ? የተሻለ መጠየቂያ መንገድ አለ ወይ? የሚል ነው። የመቀበያው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በዕድሜዬ መንግሥት ሲያዝዝ ሰምቻለሁ፣ ሲከለክልም ሰምቻለሁ። እንዴት ልጠይቅ ብሎ ሲጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጸሐፊዋ ሄጄ «እዚህ ላይ ሕዝብ የሚለው ማን ነው?» አልኋት።

«ሁሉም ሰው።»

«እኔ አለሁበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አለህበት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሳቀች። «አውሮፕላን ማረፊያ ከወረድህበት ቀን ጀምሮ።»

«እስከ አሁን ስንት ሰው ጻፈ?»

«እዚህ መጥቶ ቅጹን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።»

«እንግዲያው አንደኛ ነኝ» አልኋት። ረቂቅ ቅጹን አባዝታ አራት ገጽ ሰጠችኝ።

ሽማግሌው ከወንበሩ ሆኖ «ምን ይላል ወረቀቱ?» አለኝ።

«መንግሥት ምክር ይፈልጋል።»

«ከማን?»

«ከእኔ።»

«አይ መንግሥት» አለ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ይህን ያህል ተቸግሯል?»

አራቱን ገጽ እቤት አጠናሁት። ሰባተኛው ጥያቄ ያው የኛው ነበር፤ «ሠራተኛው ሕመም ወይም የቆዳ መቆጣት ይሰማዋል? አዎ፣ የለም።» ማን እንደሚጠይቅ፣ የት እንደሚጠይቅ፣ በማን አፍ እንደሚጠይቅ አንድም ቃል የለም።

ዓርብ ሥራ በጊዜ ያልቃል። ሰንበት ሳይገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ ወደ ዕብራይስጥ። ዐሥር ገጽ ሆነ። ለባለቤቴ አነበብሁላት።

በሦስተኛው ገጽ ላይ አቋረጠችኝ። «መንግሥት የጠየቀው ስለ ቅጹ ነው ወይስ ስለ አንቱ ልደት?»

«ማን እንደሚናገር ማወቅ አለባቸው።»

«ወናፉን ይተዉት።»

ወናፉን ተውሁት። ወደ ሦስት ገጽ አወረድሁት። ቅጹ እንዴት እንደ ተሳሳተ፣ ነርሷ እንዴት እንደ ቸኮለች፣ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ እንዴት እንደ ቆመ፣ ሾፌሮቹ እንዴት ሻይ ይጠጡ እንደ ነበር፣ ሁሉንም አሳምሬ ጻፍሁ። እንደገና አነበብሁላት። በግራ እጇ ባቄላ እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ ነው» አለች። «አንድ ሰው ጎደለ እንጂ።»

«ማን ጎደለ?»

«በመካከል ቆሞ የነበረው።»

ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ሦስት ቀን አልነካሁትም። ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚያስነብበው እኔን ነው፤ በራሴ እጅ፣ ለመንግሥት፣ እኔ አጠፋሁ ብዬ ልጽፍ ነው? በአራተኛው ቀን ጧት የሥራ መኪና ከመምጣቱ በፊት ተነሥቼ እንዲህ ጨመርሁበት፤ «አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁ። ሦስት ጊዜ መጠየቅ እንደሚገባ ዐውቅ ነበር። ቸኮልሁ።» ሰው አጭር ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።

ግን ስሕተቱን መናገር ብቻ አይበቃም። «የተሻለ መንገድ አለ ወይ» ብለዋል። ቀጥቃጭ ደግሞ ቢላዋን ሳይሞክር አይሸጥም። ሰንበት ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከሕንፃው በስተ ኋላ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ፍሪጅ ላይ የቀረውን ሙዳይ አስቤ ባለቤቴን ምን ብላ እንድትጠይቅ መከርኋት፤ «ያምሻል ወይ አትበይ። ቤት ውስጥ ምን ሥራ ተውሽ በያቸው።» እኔ ራቅ ብዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነበር።

አንዷ «እኔማ የልጄን ፀጉር መሥራት ትቼአለሁ፤ ጣቴ ይደማል» አለች። ሌላዋ ሎሚ እንደማትነካ፣ ሌላዋ በርበሬ ስትነካ ሌሊቱን እጇ እንደሚያቃጥላት ተናገረች። ከሁሉ ታናሿ «ልብስ የሚጨምቅልኝ ባሌ ነው» ስትል ሌሎቹ ሳቁባት።

«እሰይ! ታዲያ ይህ በሽታ ነው ወይስ ፈውስ?»

«ዝም በይ፣ ከዳንሽ ይተዋል!»

ያ ሁሉ ምስጋና በአንዲት ጥያቄ ተገልጦ ሥሩ ታየ። ሰንበት ስለሆነ ብዕር አልነካሁም። የእያንዳንዷን ቃል በራሴ ይዤ እሑድ ጧት አንድም ሳይጎድል ጻፍሁት፤ እንዲህ ያለ ትውስታ የነበረው ሰው በሕንፃችን አልነበረም፣ ዛሬም ያለ አይመስለኝም። መደምደሚያዬ ይህ ነበር፤ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለ ተወችው ሥራ ጠይቁ፤ ሴትን ሴት ትጠይቅ፤ በር ዝጉ፤ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትሂዱ፤ የአስተርጓሚውም ስም ቅጹ ላይ ይታወቅ።

ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ላክሁት፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ እስከ ዛሬ አለኝ። ግን ሚኒስቴሩ እስኪመልስ የባለቤቴ እጅ አይጠብቅም። ስለዚህ ግልባጩን ይዤ ነርሷ ዘንድ ሄድሁ።

ቆማ አነበበችው። ፊቷ ቀላ። «እኔንም ጽፈሃል» አለችኝ።

«ራሴንም ጽፌአለሁ። ከታች ነው።»

ከታች ያለውን አነበበች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእሷም ዕብራይስጥ እንደ እኔው ከመንገድ የተለቀመ ነበርና በቀስታ ተናገረች። «እኛም አገር ፋብሪካ ውስጥ በወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ጤነኛ ነበር» አለች። «እናቴም ጤነኛ ነበረች።» ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም ያን ጊዜ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

«ረቡዕ እንደገና እንሞላዋለን» አለች። «በእኔ ክፍል፣ በር ተዘግቶ።»

«እኔ አስተረጉማለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሦስት ጊዜ…»

«አንተ አይደለህም። ሴት።»

ከሴቶቹ መካከል በደህና ሁኔታ ዕብራይስጥ የምትሞክረው ባለቤቴ ነበረች፤ ያውም የገበያ ዕብራይስጥ። ትሳሳታለች፣ ታሳስታለች ብዬ ተከራከርሁ። ነርሷ አልሰማችኝም። ባለቤቴ ደግሞ «ደግሜ መጠየቅ አያቅተኝም» አለች።

ረቡዕ ዕለት ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲገቡ እኔ በኮሪደሩ የበሩን ማጠፊያ እጠግን ነበር። ማጠፊያው ደህና ነበር፤ የምቆምበት ምክንያት ግን ያስፈልገኝ ነበር። ቃል አልሰማሁም። አልፎ አልፎ ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ፤ እንደገና ስትጠይቅ መሆኑን ከዜማው ዐወቅሁ። ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም፤ ነርሷ በማግሥቱ ከተመደበላት ቀን ውጭ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ መጣና «ባለፈው በግማሽ ቀን ጨርሰህ ነበር» አለኝ።

«ለዚህ ነው የተበላሸው» አልሁት።

መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ራሷ ለራሷ አስተረጎመች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ሙዳይ መስፋት ተውሁ» እንዳለች ነርሷ በኋላ ነገረችኝ። ሙዳይ ምን እንደሆነ ነርሷ አታውቅም ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ባለቤቴ እንዳለችው በድምፁ ጻፈችው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀት የሚያምን ሰው ነው ብያለሁ። አሁን ሌላ ወረቀት ደረሰው፤ አመነው። እርጥቡ ጫፍ ላይ ማንም ሙሉ ቀን እንዳይቆም በተራ በተራ ሆነ። ሴቶቹ ራሳቸው ነክተው የመረጡት ስስ ጓንት መጣ። ባለቤቴ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ደረቁ ጫፍ፣ ወደ ተለጣፊው ተዛወረች። ቆዳዋ ቀስ እያለ እስከ በጋ ተመለሰ፤ አውራ ጣቷ ብቻ ትንሽ ግትር ሆኖ ቀረ።

ከወራት በኋላ ፊቱ መስኮት ያለው ፖስታ መጣ። ለጎረቤት ያይደለ፣ ለእኔ የተጻፈ። ውስጡ አንድ ገጽ ነበር፤ አስተያየትህ ደርሶናል፣ ከሌሎች ጋር ይታያል፣ እናመሰግናለን ይላል። ደረጃው ላይ ቆሜ ለሕንፃው ሁሉ አነበብሁት፤ ሁለቴ። በሚቀጥለው ወቅት አዲሱ ቅጽ ሲደርስ ሰባተኛው ጥያቄ ተለውጦ ነበር፤ «ሠራተኛው በሥራ ቦታም ሆነ በቤት ያቆመው ወይም የቀነሰው ተግባር አለ?» ይላል። ግርጌውም ላይ የአስተርጓሚ ስም መጻፊያ መስመር ተሠርቶለታል። በር ስለ መዝጋት፣ ደጋግሞ ስለ መጠየቅ ግን ምንም የለበትም።

ነርሷ «ሌሎችም ይህንኑ ጽፈው ይሆናል» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኋት። «ከጻፉ ጥሩ ጽፈዋል።»

አሁን ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሰዉም ይረሳል። እኔ ያደረግሁትን እኔው ልዘርዝር።

ማንም ሳያስተምረኝ በሁለት ፊደል አነበብሁ፤ አንዱን ከጨው መጠቅለያ፣ ሌላውን ከሙታን ማስታወቂያ።

መንግሥት ሕዝብ ሲል እኔንም ማለቱ እንደሆነ ጠይቄ አረጋገጥሁ።

ሦስት ገጽ በዕብራይስጥ በራሴ እጅ ጻፍሁ። የሚኒስቴሩ ቢሮ ጸሐፊ ግልባጩን አይታ ሁለት ስሕተት ብቻ አገኘችበት፤ ሁለተኛውን እስከ ዛሬ አላመንሁላትም።

የራሴን ስም ከጥፋቱ አጠገብ አስቀመጥሁ። ይህን ከሁሉ በላይ ከባድ ሥራ እለዋለሁ፤ ከብረትም ይከብዳል።

አንድ የመንግሥት ጥያቄ አስለወጥሁ፤ ወይም ካስለወጡት አንዱ ነኝ።

ደህና የሆነ የበር ማጠፊያ ሁለት ቀን ጠገንሁ።

ባለቤቴ እንድትናገር ከመካከል ወጣሁ። ወጣሁ ስል ነርሷ አስወጣችኝ፤ ግን ተመልሼ አልገባሁም።

ሙዳዩ ከፍሪጅ ላይ ወረደ። ለሰርጉ ክዳኑ አልደረሰም፤ ልጃችን ያለ ክዳን ወሰደችው። ክዳኑ በዓመቱ ተሰፍቶ አለቀ፤ እኔው በእጄ ይዤ አደረስሁት።

ሦስት ጊዜ መጠየቅም ለመድሁ። ትናንት ጧት ባለቤቴ ሽንኩርት ስትልጥ «እጅሽ እንዴት አደረ?» አልኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። ተቀመጥሁ። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራንና ደግሜ ጠየቅኋት። «ደህና ነኝ አልሁ እኮ» አለች። ሦስተኛ ስጠይቃት ቢላዋውን አስቀመጠችና «እንዲያው ብርድ ሲሆን ይቺ አውራ ጣቴ…» አለች።

ሽንኩርቱን እኔ ላጥሁት።